ኢንሱሊንን ያገኘው ባንቲንግ፣ እሱ ያላየው ፍንጣሪ

በየዓመቱ ኖቬምበር 14 የዓለም የስኳር ሕመም ቀን ነው። ቀኑ በአጋጣሚ አልተመረጠም፤ የዶክተር ፍሬድሪክ ባንቲንግ የልደት ቀን ነው። ባንቲንግ ኢንሱሊንን ያገኘው ደግሞ እዚሁ ቶሮንቶ፣ ከኖርዝ ዮርክ በሰብዌይ ግማሽ ሰዓት ገደማ በሚያስኬድ ቦታ ነው።

በእኛ ማኅበረሰብ ግን ኢንሱሊን ጥሩ ስም የለውም። ሐኪም መርፌ ይጀምሩ ሲላቸው የሚደነግጡ እናቶችና አባቶች ብዙ ናቸው። መርፌ የጀመረ ሰው ዓይኑ ይጠፋል፣ ኩላሊቱ ይደክማል፣ እግሩ ይቆረጣል የሚል ወሬ አለ። የነርሲንግ ተማሪ ስለሆንኩ ይህን ወሬ ውሸት ነው ብሎ ማለፍ አይበቃኝም። ስለዚህ መጀመሪያ የሰውየውን ታሪክ ልንገራችሁ፤ ከዚያ ወሬው ከየት እንደመጣ አብረን እናያለን። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የገበሬው ልጅ

ባንቲንግ በ1891 አሊስተን በምትባል የኦንታሪዮ ትንሽ ከተማ አጠገብ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። ከአምስት ልጆች የመጨረሻው ነበር። ወላጆቹ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ እንዲሆንላቸው ይመኙ ነበር። በ1910 ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ ግን የመጀመሪያውን ዓመት ወደቀ። በ1912 ወደ ሕክምና ተዛወረ። የአንደኛው የዓለም ጦርነት ሐኪሞች ስለፈለገ ትምህርቱ ተፋጠነና በ1916 ጨርሶ ዘመተ። በ1918 ፈረንሳይ ውስጥ ካምብሬ በተባለው ግንባር ቀኝ ክንዱን ቆሰለ፤ ለጀግንነቱም ሚሊታሪ ክሮስ የተባለውን ሜዳልያ ተሸለመ።

ሲመለስ በቶሮንቶ የሕፃናት ሆስፒታል በቀዶ ሕክምና ሠራ፤ ቋሚ ሥራ ግን አላገኘም። በ1920 ለንደን፣ ኦንታሪዮ ሄዶ የራሱን ክሊኒክ ከፈተ። በመጀመሪያው ወር ያገኘው 4 ዶላር ብቻ ነበር። ኑሮውን ለመደጎም በዚያው ከተማ ባለው ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመረ።

በዚያ ዓመት በኦክቶበር መጨረሻ ላይ ስለ ስኳር ለሚሰጠው ትምህርት ሲዘጋጅ ስለ ቆሽት የሚያወራ አንድ ጽሑፍ አነበበ። ቆሽት ሁለት ሥራ አለው፤ ምግብ የሚፈጭ ፈሳሽ ያመነጫል፣ በደም ውስጥ ያለውን ስኳር የሚያወርድ ነገርም ያመነጫል። ያን ሁለተኛውን ነገር ለይቶ ለማውጣት ብዙዎች ሞክረው አልተሳካላቸውም ነበር። ባንቲንግ እንቅልፍ እምቢ ብሎት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ተነሥቶ ሐሳቡን ማስታወሻው ላይ ጻፈ፦ የቆሽቱን ቱቦ በክር ማሰር፣ ፈሳሽ የሚያመነጨው ክፍል እስኪሟሽሽ መጠበቅ፣ ከዚያ የቀረውን መጭመቅ። በዚያ ማስታወሻ ላይ ዳያቤቲስ የሚለውን ቃል እንኳ ፊደሉን አሳስቶ ነበር የጻፈው።

አራት ሰዎች፣ አንድ መድኃኒት

ሐሳቡን ይዞ ወደ ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ጆን ማክላውድ ሄደ። ማክላውድ ቢጠራጠርም ላቦራቶሪ፣ ውሾችና ቻርልስ ቤስት የተባለ የ22 ዓመት ተማሪ ሰጠው። ሥራው በሜይ 1921 ተጀመረ። በዓመቱ መጨረሻ ጄምስ ኮሊፕ የተባለ የባዮኬሚስትሪ ባለሙያ ተጨመረ።

በዚያ ዘመን ስኳር የያዘው ልጅ ማለት ሊሞት ነው ማለት ነበር። ሐኪሞች ማድረግ የሚችሉት ምግብ አስርበው ዕድሜውን በጥቂቱ ማራዘም ነበር። ጃንዋሪ 11 ቀን 1922 ሊዮናርድ ቶምሰን የሚባል የ14 ዓመት ልጅ በቶሮንቶ ጄኔራል ሆስፒታል የመጀመሪያውን መርፌ ተወጋ። መድኃኒቱ በደንብ አልተጣራም ነበርና ብዙም አልረዳውም፤ የተወጋበት ቦታም አበጠ። በ12 ቀኑ ኮሊፕ ያጣራውን ሲወጋ ግን ስኳሩ ወረደ፣ አካሉም በረታ። ሊዮናርድ ከዚያ በኋላ 13 ዓመት ኖረ።

ባንቲንግ ቁጡ ሰው ነበር፤ ከማክላውድም ከኮሊፕም ጋር ክፉኛ ተጣልቷል። በ1923 የኖቤል ሽልማት ለእሱና ለማክላውድ ብቻ ሲሰጥ ተናደደና የገንዘቡን ግማሽ ለቤስት አካፈለ፤ ማክላውድም ለኮሊፕ አካፈለ። ባንቲንግ ያኔ 32 ዓመቱ ነበር፤ በሕክምና ኖቤል እስከዛሬ ከእሱ ያነሰ ወጣት አልተሸለመም። የፈጠራ መብቱን ባንቲንግ፣ ቤስትና ኮሊፕ ለዩኒቨርሲቲው የሸጡት እያንዳንዳቸው በ1 ዶላር ነው።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ባንቲንግ ወደ አብራሪዎች ጤና ዞረ። ኦክስጅን በሚያንስበት ከፍታ ላይ አካል ምን እንደሚሆን የሚያጠናውን ሥራ መራ። የዚያ ሥራ ወራሽ የሆነው ወታደራዊ የምርምር ማዕከል ዛሬ እዚሁ ኖርዝ ዮርክ፣ ዳውንስቪው ሼፐርድ ጎዳና ላይ ነው። በፌብሩዋሪ 1941 ወደ እንግሊዝ ሲሄድ አውሮፕላኑ ኒውፋውንድላንድ ላይ ወደቀና በ49 ዓመቱ ሞተ። የተቀበረው ቶሮንቶ፣ ማውንት ፕሌዘንት መካነ መቃብር ነው።

እሱ ያላየው

ባንቲንግ በወጣትነቱ ስኳርን፣ በመጨረሻው ኦክስጅንን አጠና። ሁለቱ የሚገናኙት በሕዋሳችን ውስጥ ባሉት ሚቶኮንድሪያ በሚባሉ ጥቃቅን ምድጃዎች ነው። ሚቶኮንድሪያ ከምግብ የመጡ ኤሌክትሮኖችን ከፕሮቲን ወደ ፕሮቲን እያቀባበሉ መጨረሻ ላይ ለኦክስጅን ያስረክባሉ፤ እሱም ውሃ ይሆናል። በቅብብሎሹ መሃል ጥቂት ኤሌክትሮኖች ያመልጡና ኦክስጅንን ያለ ቦታው ይይዛሉ። ያኔ ሱፐርኦክሳይድ ይፈጠራል። ሕዋስ ይህን በኢንዛይም ወደ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይለውጠዋል፤ ቁስል ለማጠብ በጠርሙስ የሚሸጠው ያው ነው። ኢንዛይሙን በ1969 ያሳወቁት አሜሪካውያኑ ማኮርድና ፍሪዶቪች ናቸው። እነዚህ ነገሮች ባንድነት ሪአክቲቭ ኦክስጅን ስፒሽስ ይባላሉ። እኔ ግን ከምድጃ ስለሚወጡ ፍንጣሪ እላቸዋለሁ።

ፍንጣሪ ሁሉ መጥፎ አይደለም። በጥቂቱ ሲሆን መልእክተኛ ነው። ኢንሱሊን ሕዋስን ሲነካ ሕዋሱ ራሱ ትንሽ ፐርኦክሳይድ ያመነጫል። ፐርኦክሳይዱ የኢንሱሊንን መልእክት የሚያጠፉ ኢንዛይሞችን ለጥቂት ጊዜ ያስቆማል፤ መልእክቱም በደንብ ይሰማል። ስፖርት ስንሠራ ጡንቻችን ውስጥ የሚፈጠረውም እንዲሁ ይጠቅማል። በ2009 ጀርመን ውስጥ በተሠራ ጥናት፣ ስፖርት እየሠሩ ቫይታሚን ሲ እና ኢ በብዛት የዋጡ ወጣቶች ስፖርቱ ለኢንሱሊን የሚሰጠውን ጥቅም አላገኙም። መልእክተኛውን አጥፍተውት ነበር። ስለዚህ እንክብል መዋጥ መፍትሔ ነው ብላችሁ አትቸኩሉ።

ችግሩ ፍንጣሪው ሲበዛ ነው። የዓይንና የኩላሊት ጥቃቅን የደም ሥሮች ሕዋሳት፣ የነርቭ ሕዋሳትም፣ በደም ውስጥ ስኳር ሲበዛ በራቸውን መዝጋት አይችሉም። ስኳሩ ይጎርፋል፣ የኤሌክትሮን ቅብብሎሹ ይጨናነቃል፣ ሱፐርኦክሳይድ ይበዛል። በ2000 ኒው ዮርክ ያለው የማይክል ብራውንሊ ቡድን በደም ሥር ሕዋሳት ላይ እንዳሳየው፣ ይህ ሱፐርኦክሳይድ ብዙ ጎጂ መልእክቶችን በአንድ ጊዜ ያስነሣል። ከእነሱ አንዱ ፕሮቲን ካይኔዝ ሲ የተባለው ነው፤ የደም ሥርን ያጠባል፣ እንዲያፈስም ያደርጋል። ተመራማሪዎቹ ሱፐርኦክሳይዱን ሲያስቆሙ መልእክቶቹም ቆሙ።

እንግዲህ ወሬው የመጣው ከዚህ ነው። ይህ ጉዳት ሳያም፣ ድምፅ ሳያሰማ፣ ለዓመታት ይሠራል። በአዋቂዎች ላይ በሚበዛው ዓይነት ሁለት ስኳር ኢንሱሊን ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ዘግይቶ ነው። ስለዚህ መርፌው ሲጀመር ዓይኑም ኩላሊቱም አስቀድሞ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። ቤት ከተቃጠለ በኋላ የደረሰውን እሳት አጥፊ፣ ቤቱን ያቃጠልከው አንተ ነህ እንደማለት ነው።

ማስረጃውም አለ። በ1993 የወጣ፣ ቶሮንቶም የተሳተፈችበት ጥናት ዓይነት አንድ ስኳር ያለባቸውን 1,441 ሰዎች ተከታትሏል። ስኳራቸውን በኢንሱሊን በጥብቅ የተቆጣጠሩት፣ መጀመሪያ ላይ ጤናማ ዓይን ከነበራቸው መካከል፣ በዓይን ላይ ለሚመጣው ጉዳት የመጋለጥ ዕድላቸው በ76 በመቶ ቀንሷል። በኩላሊትና በነርቭ ላይም እንዲሁ ጉልህ ቅናሽ ታይቷል። የኢንሱሊን እውነተኛው አደጋ ሌላ ነው፤ ስኳር ከመጠን በላይ ሊወርድ ይችላል። በተለይ በጾም ወቅት መጠኑንና ሰዓቱን ከሐኪም ወይም ከነርስ ጋር አስቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል።

ባንቲንግ ኢንሱሊን ስኳርን እንደማያድን ያውቅ ነበር፤ ሰው እንዲኖር ግን ያደርጋል። ፍንጣሪውን ሳያይ ሞተ፤ ፍንጣሪውን የሚቀንሰውን መድኃኒት ግን ትቶልን ሄደ። በዚህ ኖቬምበር 14 እናታችሁ ወይም አባታችሁ መርፌ ታዝዞላቸው እያመነቱ ከሆነ፣ ይህን ታሪክ በአማርኛ ቁጭ ብላችሁ ንገሯቸው። ከቀጠሮውም አብራችኋቸው ሂዱ፤ ዓይናቸውን፣ ኩላሊታቸውንና እግራቸውን መቼ እንደተመረመሩም ጠይቁላቸው።