ኒኮላ ቴስላ በግራትስ

በማኅበራችን አባላት ዘንድ የኒኮላ ቴስላ ስም የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ ከተለዋዋጭ ጅረት ሞተር ጋር ነው። ተማሪ ሳለ ያሳለፈው ዘመን ግን እምብዛም አይወሳም፤ ቢወሳም የሊቅነቱ ማስረጃ ሆኖ ብቻ ይቀርባል። እኔ በዚህ ጽሑፍ ላተኩርበት የፈለግሁት በመጀመሪያው የኮሌጅ ዓመቱ ላይ ነው። ያ ዓመት በፈተና ውጤት ሲመዘን እንከን የማይወጣለት ሲሆን፣ ተማሪውን ራሱን ለማጥፋት ግን ጥቂት የቀረው ዓመት ነበርና። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቴስላ በ1856 ዛሬ በክሮኤሽያ ውስጥ በምትገኘው፣ ያን ጊዜ ግን በኦስትሪያ ንጉሠ ነገሥት መንግሥት ሥር በነበረችው በስሚልያን መንደር ከሰርብ ቤተሰብ ተወለደ። አባቱ ሚሉቲን የኦርቶዶክስ ቄስ ነበሩ፤ እናቱም የካህን ልጅ ነበሩ። ስለዚህ ልጃቸው የአባቱን ፈለግ ተከትሎ ክህነት እንዲቀበል መታሰቡ የሚያስደንቅ አይደለም። ዳኔ የሚባል ታላቅ ወንድም ነበረው፤ እጅግ ብሩህ አእምሮ የነበረው ይኸው ወንድሙ በልጅነቱ በአደጋ ሞተ። ኒኮላ አንዳች የሚያስመሰግን ነገር በሠራ ቁጥር ወላጆቹ ያጡት ልጅ ይበልጥ ይቆጫቸው እንደ ነበር ቴስላ ራሱ በ1919 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ውስጥ ገልጾታል። ይህን ነገር አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

በ1873 የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ፈጽሞ ወላጆቹ ወደሚኖሩበት ወደ ጎስፒች ከተማ ሲመለስ ኮሌራ ያዘውና ዘጠኝ ወር ያህል አልጋ ላይ ዋለ። ከሞት አፋፍ በደረሰበት ሰዓት፣ ምሕንድስና እንዲማር ቢፈቅዱለት ምናልባት ሊድን እንደሚችል ለአባቱ ነገራቸው። ቄስ ሚሉቲንም በዓለም ላይ ከሁሉ ወደ ላቀው የቴክኒክ ትምህርት ቤት እንደሚልኩት ቃል ገቡለት። ልጁ ዳነ፤ አባትም ቃላቸውን አላጠፉም። በ1875 ቴስላ ለጠረፍ አውራጃ ልጆች ከሚሰጠው የመንግሥት የትምህርት ድጎማ ተካፋይ ሆኖ በኦስትሪያ ግራትስ ከተማ ወደሚገኘው የቴክኒክ ኮሌጅ ገባ።

ወጣቱ ወደ ግራትስ የሄደው የአባቱን ምኞት አስጥሎ ነው። በመሆኑም ይህን ዕዳ በውጤት ለመክፈል፣ ወላጆቹንም በድንገተኛ ደስታ ለማስደነቅ ቆርጦ ተነሣ። ዓመቱን ሙሉ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተነሥቶ እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት ያጠና ነበር፤ እሑድም ሆነ በዓል አያርፍም። ይህን ስሌት እንዳለ ለሚቀበል ሰው ለእንቅልፍ የቀረው አራት ሰዓት ብቻ ነው። አብዛኞቹ ጓደኞቹ ትምህርቱን ቀለል አድርገው ይዘውት ስለ ነበር ሁሉንም በልጦ መገኘቱ አልገረመውም። በዚያ ዓመት ዘጠኝ ፈተናዎች አለፈ፤ ይኸውም ከሚፈለግበት እጥፍ ሊሆን ጥቂት የቀረው ነው።

የጀመረውን ነገር ሳይጨርስ መተው አለመቻሉም ሌላ ሸክም ሆነበት። የቮልቴርን ድርሰቶች ማንበብ ከጀመረ በኋላ ነበር ደራሲው በደቃቅ ፊደል የታተሙ ወደ አንድ መቶ የሚጠጉ ታላላቅ መጻሕፍት እንዳሉት የተረዳው። ሆኖም አንዴ ጀምሯልና ሁሉንም አነበበ። የመጨረሻውን መጽሐፍ ባስቀመጠ ጊዜ ሁለተኛ እንዲህ ያለ ነገር ላለመድገም ለራሱ ማለ። የምሕንድስና ተማሪ ለቮልቴር ይህን ያህል ሌሊት ማጥፋቱ ሊያስቀን ይችል ይሆናል፤ ዳሩ ግን በኋላ የሞተሩን ጥያቄ እንዳይለቅ ያደረገው ያው ጠባይ ነው።

ዓመቱ አልቆ ቴስላ መምህራኑ የጻፉለትን የምስጋና ወረቀቶች ይዞ ወደ ቤቱ ተመለሰ። የቴክኒክ ፋኩልቲው ዲንም ልጃቸው በመጀመሪያው ረድፍ ከሚቆጠሩት ከዋክብት አንዱ መሆኑን ለአባቱ ጽፈው ነበር። ልጁ በድል አድራጊነት እንደሚቀበሉት ጠብቆ ነበር። አባቱ ግን ያን ሁሉ ክብር እንደ ተራ ነገር ቆጥረው አለፉት። ይህ ነገር የመማር ጉጉቱን ሊገድለው ምንም እንዳልቀረው ቴስላ ከዐርባ ዓመት በላይ ቆይቶ እንኳ አልረሳውም።

ሆኖም ተመለሰ። በሁለተኛው ዓመት ኮሌጁ የዜኖብ ግራምን ዲናሞ ከፓሪስ አስመጣ። የፊዚክስ መምህሩ ፕሮፌሰር ያኮብ ፐሽል፣ እጆቻቸው የድብ መዳፍ የሚያካክሉ፣ ሙከራቸው ግን እንደ ሰዓት የማይዛነፍ ሰው፣ መሣሪያውን እንደ ሞተር እያስኬዱ ሲያሳዩ በኮሙቴተሩና በብሩሾቹ መካከል የእሳት ብልጭታ ይረጭ ጀመር። እንደምናውቀው በዲናሞ ጥቅል ውስጥ የሚፈጠረው ጅረት በባሕርዩ ተለዋዋጭ ነው፤ ኮሙቴተሩ የተጨመረው ይህንኑ ወደ አንድ አቅጣጫ ለመመለስ ነው። ቴስላ እጁን አንሥቶ ኮሙቴተሩን ጨርሶ ማስወገድ ይቻል ይሆናል ሲል አሳብ አቀረበ። ፕሮፌሰሩ ቁጣ አላሳዩም፤ አንድ ሙሉ ትምህርት መድበው አሳቡ ዘላለም በራሱ የሚሽከረከር መሣሪያ እንደ መሻት የሚቆጠር መሆኑን አስረዱ። ወጣቱም በመምህሩ ሥልጣን ፊት ለጊዜው አመነታ። ነገሩ የተፈታለት በ1882 በቡዳፔስት መናፈሻ ከወዳጁ ጋር ሲመላለስ የሚሽከረከረው የመግነጢስ መስክ ድንገት በታየው ጊዜ ነው፤ የባለቤትነት መብቱም በ1888 በአሜሪካ ተመዘገበለት። ከዘጠኙ ፈተናዎች አንዱም ይህን ጥያቄ አልጠየቀውም።

ግራትስ ግን እስከዚያ አላቆየችውም። ያ በቀን ሃያ ሰዓት ያጠና የነበረ ልጅ የቁማር ሱስ ያዘው፤ በሦስተኛው ዓመት ትምህርቱን መከታተል አቃተው። ቁማሩን አባቱ በተግሣጽ ሊያስተዉት ሞከሩ፤ አልሆነም። እናቱ ግን አንድ ቀን በጥቅል ብር አምጥተው ያላቸውን ሁሉ ቶሎ ቢያጠፋው እንደሚሻል ነገሩት። ልጅ ያን ቀን ተጫውቶ የተበላውን ሁሉ አስመለሰ፤ ከዚያ ወዲያም ካርታን እርግፍ አድርጎ ተወ። ትምህርቱ ግን አልተቃናም። በዲሴምበር 1878 ያለ ዲፕሎማ ከግራትስ ወጣ፤ ለቤተሰቡም አልተናገረም። ጓደኞቹ ወንዝ ገብቶ የሞተ መስሏቸው ነበር። እሱ ግን በማሪቦር ከተማ በንድፍ ሠራተኛነት ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። በማርች 1879 ፖሊስ ወደ ጎስፒች መለሰው። ያው የግራትስ ኮሌጅ በ1937 የክብር ዶክትሬት ሰጠው፤ ተምሮ ያገኘው ዲግሪ ግን አንድም አልነበረውም።

ወደ ቤቱ ከተመለሰ አንድ ወር እንኳ ሳይሞላ አባቱ አረፉ። ከዚያ በኋላ ነው ቴስላ ከአባቱ ንብረት መካከል አንድ እስር ደብዳቤ ያገኘው። የጻፏቸው የግራትስ መምህራኑ ነበሩ። ልጁን ከኮሌጁ ካላስወጡት በሥራ ብዛት እንደሚሞት ለአባቱ ያስጠነቅቁ ነበር። አንድ ልጅ የቀበሩት ቄስ ሚሉቲን ያን የምስጋና ወረቀት ያቃለሉት ሁለተኛውንም እንዳይቀብሩ ፈርተው ይመስለኛል። ይህን ግን በሕይወት ሳሉ አልነገሩትም፤ ልጁም አልጠየቃቸውም።