ዉንትና 186ቱ ተማሪዎቹ

የዊልሄልም ዉንት ስም ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስታውሰው እ.ኤ.አ. በ1879 በጀርመን ላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ ያቋቋመውን የሥነ ልቦና ቤተ ሙከራ ነው። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ያማከራቸው ተማሪዎች ብዛት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1832 በማንሃይም አጠገብ የተወለደው ዉንት ሕክምና አጥንቶ በሃይደልበርግ የሄልምሆልትዝ ረዳት ሆኖ ሠርቷል። በ1875 ላይፕዚግ ከገባ በኋላ ወደ 186 የሚሆኑ የዶክትሬት ጥናቶችን አማከረ። ለአዳዲስ ተማሪዎች የጥናት ርዕስ የሚያድለው ራሱ ነበር። በሙከራው ተማሪዎቹ ተራ በተራ አንዴ ለኪ፣ አንዴ ተለኪ ይሆናሉ፤ ብዙዎቹ ውጤቶችም እርሱ በመሠረተው መጽሔት ይታተሙ ነበር።

አሜሪካዊው ጄምስ ካቴል ግን የራሱን ሐሳብ ይዞ መጣ። ሰው ላየው ነገር ምላሽ እስኪሰጥ የሚፈጅበትን ጊዜ አጥንቶ፣ በዚያው በዉንት ሥር በ1886 ዶክትሬቱን አገኘ። በ1895 የአሜሪካ ሥነ ልቦና ማኅበር ፕሬዚዳንት ለመሆን በቃ።

ዉንት በ1920 በ88 ዓመቱ አረፈ። በእኔ እምነት ርዕስ መስጠት ጀማሪን ከመባዘን ያድናል። የአማካሪ ትልቁ ፈተና ግን የራሱን ርዕስ ይዞ ለመጣ ተማሪ በር አለመዝጋት ነው። ዉንት ይህን ፈተና ቢያንስ አንድ ጊዜ አልፏል።