ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትና የጎጃም ሀብት

ራስ አዳል ተሰማ በጥር ወር 1873 ዓ.ም. በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ፈቃድ ተክለ ሃይማኖት ተብለው የጎጃምና የከፋ ንጉሥ ሆኑ። መናገሻቸውን መንቆረርንም በቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ስም ደብረ ማርቆስ አሰኟት።

የዘውዱ ጥቅም ግን ከዓባይ ማዶ ጭምር ነበር። ከጊቤ አገሮች የሚመጣው የዝሆን ጥርስ፣ ወርቅ፣ ዝባድና ቡና በጎጃሙ የባሶ ገበያ ያልፍ ነበርና። ቀረጡ ጥርሱን ይቆጥር ነበር እንጂ ዝሆኑን አይቆጥርም ነበር። ይህንኑ ሀብት የሸዋው ንጉሥ ምኒልክም ይሹት ስለ ነበር፣ በግንቦት 1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ ጦርነት ሆነ። ተክለ ሃይማኖት ተማረኩ፤ ከፋም ከእጃቸው ወጣች።

ከዚያ ወዲህ የግዛታቸው መመኪያ የደጋው ማሳ ሆነ። በ1880ዎቹ መጀመሪያ፣ በክፉ ቀን፣ የከብት እልቂት በሬውን ሲፈጅ ማሳውም ጦም አደረ። ንጉሡ በ1888 ዓ.ም. ዐድዋ ዘምተው በጥር 1893 ዓ.ም. ዐረፉ።

የዝሆን ጥርሱ ንግድ አልፏል፤ የአቆጣጠሩ ጉድለት ግን አላለፈም። ዛሬም ከጎጃም ወደ ገበያ የሚወጣው እህል በኩንታል ይመዘናል፤ ከጮቄ ተዳፋት በየክረምቱ ተጠርጎ ወደ ዓባይ የሚወርደው አፈር ግን ከእህሉ ዋጋ ውስጥ አይገባም። ያ አፈር ለግድብ መሐንዲስ ደለል ነው፤ ለገበሬው ግን የልጆቹ ርስት ነው።