ሪፕ ሱዌልና ቀስ ብላ የምትመጣው ኳስ

ቤዝቦል እዚህ እኛ ጋ ብዙም አይታወቅም፤ አብዛኞቻችን ያየነው በፊልም ነው። የዚህ ሰው ታሪክ ግን ስለጣመን ጻፍነው።

ትሩኤት ሱዌል፣ ሁሉም ሪፕ የሚለው፣ እ.ኤ.አ. በ1907 በአሜሪካ፣ አላባማ ተወለደ። ሥራው ኳስ መወርወር ነው። በትንንሽ ሊጎች ብዙ ተንከራትቶ በ1938 የፒትስበርግ ፓይረትስ ተጫዋች ሲሆን ዕድሜው 31 ሊሞላ ነበር።

ዲሴምበር 7 ቀን 1941፣ ፐርል ሃርበር በተደበደበበት ዕለት፣ ፍሎሪዳ ጫካ ውስጥ አደን ወጥቶ ሌላ አዳኝ በተኮሰው ጥይት እግሮቹን ተመታ። የቀኝ እግሩ አውራ ጣት ስለተጎዳ እንደ ድሮው ዞር ብሎ መወርወር አቃተው። ሌላው ቢሆን በቃኝ ይል ነበር። እሱ ግን አወራወሩን እንደገና ተማረ፤ ያቺ ጉደኛ ኳስም ያኔ መጣች።

በወርዋሪውና በመቺው መካከል 18 ሜትር ያህል አለ። ፈጣን ኳስ ግማሽ ሰከንድ ሳይሞላ ትደርሳለች፤ መቺውም ራሱን የሚያዘጋጀው ለዚያ ነው። ሱዌል ግን ሽቅብ ይለቃታል። ሰባት ሜትር ተኩል ያህል ወደ ላይ ወጥታ፣ ቀስ ብላ፣ ልክ መቺው ፊት ትወርዳለች። መቺው በደንብ ያያታል፣ ችግሩም እዚያ ላይ ነው፦ መጠበቅ አይችልም፣ ቀድሞ ይሰነዝርና አየር ይመታል።

የቡድን ጓደኛው ሞሪስ ቫን ሮቤይስ ኢፈስ ብሎ ሰየማት፤ ቃሉ ምንም ማለት አይደለም ብሎ ነበር። ዕብራይስጥ ለምናውቅ ግን ወዲያው ኤፌስ፣ ዜሮ ማለት፣ ትዝ ይለናል። ከዚያ የመጣ ነው የሚሉም አሉ።

በ1943ም በ1944ም 21፣ 21 ጨዋታ አሸነፈ። ሁሉ ነገሩ ግን ደስ አይልም፤ በ1946 ጓደኞቹ ለማኅበር መብት ሥራ ሊያቆሙ ሲሉ አጥብቆ ተቃወመ።

በዚያው ዓመት ጁላይ፣ ቦስተን ውስጥ፣ በኮከቦች ጨዋታ ታላቁ ቴድ ዊሊያምስ ፊቱ ቆመ። ሱዌል ኢፈሷን እንደሚወረውር አስቀድሞ አሳወቀው፣ ወረወረም። ዊሊያምስ ወደፊት ተራምዶ ከሜዳው አጥር ማዶ ላካት። (ፎቶው ሲታይ ከተፈቀደለት ቦታ ወጥቶ ነበር አሉ።) ሱዌል አልተናደደም፤ እየሳቀ እያወራ አብሮት ሮጠ። በዚያች ኳስ ሆም ረን የመታበት ሌላ ሰው የለም።

በ1972 በደም ዝውውር ችግር ሁለቱም እግሮቹ ተቆረጡ። በሰው ሠራሽ እግር ቆሞ ጎልፍ መጫወቱን ቀጠለ፤ በ1989፣ በ82 ዓመቱ ፍሎሪዳ ውስጥ ዐረፈ።