አሌክሳንደር ፍሌሚንግ፦ መድኃኒቱንም ማስጠንቀቂያውንም የተወልን ሰው

ባለፈው ቅዳሜ ለክፍላችን የምሳ ግብዣ ቲማቲምና ሽንኩርት ልንገዛ አራት ሆነን አትክልት ተራ ወርደን ነበር። ከሣጥኖቹ ሥር ተበላሽቶ የተጣለ ብርቱካን ተከምሮ አየን፤ አረንጓዴ ዱቄት የመሰለ ሻጋታ ወጥቶበታል። አላፊ አግዳሚው አፍንጫውን ይዞ ያልፈዋል። እዚያው አጠገብ አንድ ተሸካሚ የሣጥን ሚስማር የቧጨረውን እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል። ከኪሱ አራት ካፕሱል አወጣና ሁለቱን ከፍቶ ዱቄቱን ቁስሉ ላይ ነሰነሰው፤ ሁለቱን ለሌላ ቀን ብሎ መልሶ ቋጠረ። ማን እንዳዘዘለት ብንጠይቀው ከጓደኛው እንደተካፈለ ነገረን። እኛም ዝም ብለን ዕቃችንን ተሸክመን ሄድን።

ማደሪያችን ከገባን በኋላ ግን ነገሩ ከነከነን። ያንን ሻጋታና ያንን ካፕሱል የሚያገናኝ የአንድ ሰው ታሪክ አለ። የዛሬው ዓምዳችን ስለዚሁ ሰው ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1881 በስኮትላንድ ገጠር ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። ሰባት ዓመት ሲሆነው አባቱ ሞተ። ትምህርቱን በገጠር ጀምሮ ገና በልጅነቱ ለንደን ወደሚኖሩት ወንድሞቹ ሄደ። እዚያም በአንድ የመርከብ ድርጅት ውስጥ አራት ዓመት በጸሐፊነት ሠራ። አጎቱ ሞቶ ጥቂት ገንዘብ ሲያወርሰው በ1901 በቅድስት ማርያም ሆስፒታል የሕክምና ትምህርት ቤት ገባ፤ ተመርቆም እዚያው በተመራማሪነት ቀረ።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ፈረንሳይ አገር በጦር ሆስፒታል አገለገለ። ከጥይት የተረፈ ወታደር ቁስሉ አመርቅዞ ሲሞት በዓይኑ አየ። በጥልቅ ቁስል ላይ የሚፈሰው ፀረ-ጀርም ኬሚካል ከጀርሙ ይልቅ የሰውነትን ተከላካይ ሴሎች እንደሚጎዳም አረጋገጠ። እንግዲህ ሰውየው ከዚያ ወዲህ ሲፈልግ የኖረው ጀርሙን ገድሎ ሰውን የማይጎዳ ነገር ነበር።

በ1928 በመስከረም ወር ከዕረፍት ሲመለስ ባክቴሪያ ካሳደገባቸው ሳህኖች አንዱ ሻግቶ አገኘው። ሌላ ሰው ቢሆን ደፍቶ ያጥበዋል። ፍሌሚንግ ግን ልብ ብሎ ሲመለከት በሻጋታው ዙሪያ ያሉት ባክቴሪያዎች ሟሙተዋል። ከሻጋታው የሚወጣውን ነገር ፔኒሲሊን ብሎ በ1929 ጽሑፉን አሳተመ። ይሁን እንጂ አጣርቶ ለማውጣት አልቻለም፤ ብዙ ሰውም ከቁም ነገር አልቆጠረለትም።

ከአሥር ዓመት በኋላ በኦክስፎርድ ፍሎሪ፣ ቼይንና ባልደረቦቻቸው ሥራውን አንሥተው መድኃኒቱን አጣሩት። በ1941 ለአንድ ፖሊስ ተሰጠውና ማገገም ጀመረ። ነገር ግን መድኃኒቱ አለቀ፤ ሰውየውም ሞተ። በብዛት የሚያመርት ሻጋታ ሲፈለግ በ1943 በአሜሪካ፣ በፒዮሪያ ከተማ፣ ከፍራፍሬ ገበያ በመጣ የሻገተ ሜሎን ላይ ተገኘ። አዎን፣ ከገበያ! የእኛው አትክልት ተራ ብርቱካን ላይ ያየነውም ሻጋታ የዚያ ዘመድ ነው። ዘመድ ነው እንጂ መድኃኒት አለመሆኑን ግን ልብ ይሏል።

በ1945 ፍሌሚንግ ከፍሎሪና ከቼይን ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። በኖቤል ንግግሩ ግን ዓለምን አስጠነቀቀ። ፔኒሲሊን እንደ ማንኛውም ዕቃ ከሱቅ የሚገዛበት ጊዜ ሊመጣ እንደሚችል ተናገረ። ያኔ አላዋቂ ሰው ከሚገባው በታች እየወሰደ ጀርሙን ከመግደል ይልቅ ሊያለማምደው እንደሚችል አስረዳ። ጉሮሮውን ታሞ ጥቂት መድኃኒት የወሰደ ባል ያላመደው ጀርም ወደ ሚስቱ ተላልፎ እስከ ሞት ሲያደርሳት በምሳሌ አሳየ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከብዙ ሚሊዮን ባክቴሪያዎች መካከል በአጋጣሚ መድኃኒቱን የሚቋቋሙ ጥቂቶች ይኖራሉ። መድኃኒቱ ደካሞቹን ሲጨርስ እነዚያ ቦታውን ይወርሳሉ፤ ይባዛሉ። ይባስ ብሎ የመቋቋሙን ችሎታ ለሌላ ዓይነት ባክቴሪያም ያስተላልፋሉ።

ፍሌሚንግ የፈራውን በሕይወቱ ሳለ አየው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በአውስትራሊያ ሆስፒታሎች ፔኒሲሊን የማይበግረው ስታፊሎኮከስ አዲስ የተወለዱ ሕፃናትን መታ። እሱም በ1955 ለንደን ውስጥ ዐረፈ።

ዛሬም ዱላው ያረፈው በሕፃናቱ ላይ ነው። ከ2015 እስከ 2017 ኢትዮጵያን ጨምሮ በሰባት አገሮች በጨቅላ ሕፃናት የደም መመረዝ ላይ ጥናት ተደርጎ ነበር። ክሌብሲየላ የተባለው ባክቴሪያ ከዋነኞቹ ገዳዮች አንዱ ሆኖ ተገኘ፤ በመጀመሪያ የሚታዘዘው አምፒሲሊን አብዛኞቹን ጀርሞች አልነካቸውም። ያለጊዜው ተወልዶ ሙቀት ክፍል የገባ ሕፃን የሰውነቱ መከላከያ ገና አልጠነከረም። ጀርሙ ባልታጠበ እጅ፣ በእርጥብ ዕቃ፣ በግሉኮስ መርፌው በኩል ይደርስበታል። ሕፃኑ በሕይወቱ አንድም ኪኒን ሳይውጥ እኛ ትልልቆቹ ያላመድነው ጀርም ይጠብቀዋል።

ተሸካሚውን ለመውቀስ አይደለም ይህን የጻፍነው። ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ የየራሳችንን ሻንጣ ፈተሽን፤ ከአራታችን የሦስታችን ውስጥ የተረፈ ካፕሱል ተገኘ! ነገ ክፍል ገብተን ስለ ፍሌሚንግ የምናስተምረው እኛው ነን። የተወለደበትንና የሞተበትን ዓመት ብቻ ካስጠናን ምን ዋጋ አለው? ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዳይወሰድ፣ የታዘዘው በመጠኑና በቀኑ እንዲወሰድ፣ ለሌላ እንዳይካፈል እናስተምር። አራስ ልንጠይቅ ስንሄድም እጃችንን በሳሙና ሳንታጠብ ሕፃን አንቀፍ።

በሚመጣው ቅዳሜ ሽንኩርት ባንገዛም አትክልት ተራ እንወርዳለን። ያንን ሰው ካገኘነው ባለፈው ያልነገርነውን እንነግረዋለን፤ ቁስሉንም አጠገቡ ባለው ጤና ጣቢያ እንዲያሳይ አብረነው እንሄዳለን።