ሻምበል አበበ ቢቂላ እና የአከርካሪ ጉዳት

ደብረ ታቦርን አልፈው በጋፋት አካባቢ ወይም በጉና ተራራ ግርጌ እየተጓዙ ነው እንበል። ጭጋግ ወርዷል። ከፊትዎ አንድ መኪና ተገልብጧል። ሾፌሩ በሕይወት አለ፤ ነገር ግን እግሬን አላዝዝም ይላል። የተሰበሰበው ሰው አንዱ በክንዱ፣ ሌላው በእግሩ ይዞ ሊያወጣው ይጣደፋል። በዚህ ጊዜ እርስዎ ምን ያደርጋሉ? ወደ መልሱ ከመሄዳችን በፊት ድሉን ሁላችንም የምናውቀውን፣ የመጨረሻ አራት ዓመታቱን ግን ብዙም የማናነሳለትን ሰው ሕይወት እናስታውስ።

አበበ ቢቂላ በነሐሴ 1924 ዓ.ም በሸዋ፣ ጃቶ በተባለች መንደር ተወለደ። አድጎም በክቡር ዘበኛ ወታደርነት ተቀጠረ። ስዊድናዊው አሰልጣኝ ኦኒ ኒስካነን ችሎታውን አይቶ ለማራቶን አዘጋጀው። በአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም፣ በሮም ኦሊምፒክ በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸነፈ። ከጥቁር አፍሪካ የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ወርቅ ባለቤትም ሆነ።

ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም ደግሞ በቶኪዮ ድሉን ደገመው። ከዚያ ውድድር በፊት የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና አድርጎ ነበር፤ ከቀዶ ሕክምናው እስከ ውድድሩ ስድስት ሳምንት እንኳ አልሞላም። እንዲያም ሆኖ ከሮም የፈጠነ ሰዓት አስመዘገበ፤ የመጨረሻውን መስመር ካለፈ በኋላም ሜዳው ላይ ሰውነቱን ሲያፍታታ ታየ። በ1961 ዓ.ም በሜክሲኮ ግን የእግር ሕመም መንገድ ላይ አስቆመው፤ ወርቁን ማሞ ወልዴ ወሰደ።

ከአምስት ወር በኋላ፣ መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም ምሽት፣ አበበ ራሱ በሚያሽከረክራት ቮልስዋገን ሸኖ አካባቢ ሲደርስ መኪናዋ ተገለበጠች። የአንገቱ አጥንት ተጎዳ። በመጀመሪያ ከአንገቱ በታች ያለውን አካሉን ማዘዝ አልቻለም ነበር። ዓለም በእግሩ ያወቀው ሰው ከዚያች ሌሊት በኋላ ዳግመኛ በእግሩ አልሄደም።

እዚህ ላይ የሰውነታችንን አሠራር እንመልከት። ከአንጎል ወጥቶ በአከርካሪ አጥንታችን ውስጥ የሚወርድ ሕብለ ሰረሰር የሚባል የነርቭ ገመድ አለ። እጅና እግር የሚታዘዘው፣ ሽንትና ሰገራ የምንቆጣጠረው፣ ሕመምና ሙቀት የሚሰማን በዚሁ ገመድ ነው። አጥንት ሲሰበር ሊጠገን ይችላል፤ የተቆረጠ ሕብለ ሰረሰር ግን መልሶ አይገጥምም። ጉዳቱ አንገት ላይ ከሆነ እጅም እግርም ይሰንፋል፤ ከደረት በታች ከሆነ እጅ ይተርፋል።

አበበ ለሕክምና እንግሊዝ አገር ወደሚገኘው የስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ተወሰደና ስምንት ወር ያህል ቆየ። ይህ ቦታ በአጋጣሚ የተመረጠ አልነበረም። የነርቭ ሐኪሙ ሉድቪግ ጉትማን የአከርካሪ ሕክምና ክፍሉን እዚያ የከፈቱት እ.ኤ.አ. በ1944 ነው። ከዚያ በፊት እንዲህ የተጎዱ ሰዎች አብዛኞቹ ብዙ ሳይቆዩ ይሞቱ ነበር። ይገድላቸው የነበረውም ተኝቶ በመቆየት የሚመጣ ቁስልና የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነበር። ጉትማን ሕሙማኑ በየሁለት ሰዓቱ፣ ቀንም ሌሊትም፣ እንዲገላበጡ አደረጉ። ቀጥለውም ስፖርት አስጀመሯቸው፤ የዛሬው ፓራሊምፒክ የተወለደው ከዚያ ግቢ ነው።

አበበም የእጆቹ ኃይል ሲመለስለት በ1962 ዓ.ም በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ በስቶክ ማንዴቪል ጨዋታዎች በቀስት ተወዳደረ። በቀጣዩ ዓመት ኖርዌይ ሄዶ በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተሳተፈ፤ በበረዶ ላይ ውሾች በሚጎትቱት ጋሪ የተደረገውን የ25 ኪሎ ሜትር ውድድርም አሸነፈ። በ1964 ዓ.ም ወደ ሙኒክ ኦሊምፒክ በክብር እንግድነት ተጠራ። የዚያ ዓመት ማራቶን የተሮጠው ጳጉሜን 5 ቀን ነበር፤ ከሮም ድሉ ልክ አሥራ ሁለት ዓመት በኋላ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም በአንጎሉ ውስጥ ደም ፈስሶ በ41 ዓመቱ አረፈ። አዲስ አበባ በሚገኘው የቅዱስ ዮሴፍ መካነ መቃብር ሲቀበር ንጉሠ ነገሥቱን ጨምሮ እጅግ ብዙ ሕዝብ ሸኘው።

አሁን ወደ ጋፋቱ መንገድ እንመለስ። መኪናው እሳት ካልያዘው፣ ውኃ ውስጥ ካልገባ ወይም ሌላ አስጊ ነገር ከሌለ ተጎጂውን ጎትተው አያውጡ። ሕብለ ሰረሰሩ በከፊል ብቻ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል፤ በችኮላ የተጠማዘዘ አንገት ግን ከፊሉን ጉዳት ሙሉ ሊያደርገው ይችላል። ጭንቅላቱን በሁለት እጅዎ ባለበት ያጽኑት፤ እንዳይንቀሳቀስ ይንገሩት፤ ሌላው ሰው አምቡላንስ ይጥራ። ትንፋሹን ይከታተሉ፤ ትንፋሽ ከሌለው ግን ከአንገቱ በፊት ትንፋሹ ይቀድማል። ደም የሚፈሰውን ቁስል በጨርቅ ይጫኑ። ቀና አድርገው አያስቀምጡት፣ ውኃም አይስጡት።

አምቡላንስ የማይደርስበት ቦታ ከሆነ አራት ወይም አምስት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ ጭንቅላቱን ይዞ ትእዛዝ ይሰጣል፤ ሌሎቹ ትከሻውን፣ ዳሌውንና እግሩን ይዘው እንደ አንድ ግንድ እኩል ያዞሩታል። የሚረግበው የጨርቅ ቃሬዛ አከርካሪን ያጎብጣል፤ ስለዚህ ሳንቃ ወይም የተነቀለ በር ይሻላል። በአንገቱ ግራና ቀኝ የተጠቀለለ ጋቢ ያድርጉ። አንገት ወይም ጀርባ ያመመውን፣ እጅ እግሩ የደነዘዘውን ሰው ወጌሻ እንዲያሸው በፍጹም አይፍቀዱ።

እንዲህ የተጎዳ ሰው እቤትዎ ካለ ደግሞ እርሱን የሚያቆየው የእርስዎ ትጋት ነው። ሲተኛ በየሁለት ሰዓቱ ያገላብጡት፤ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሲሆን ቶሎ ቶሎ መቀመጫውን ያሳርፍ። ተረከዙን፣ ዳሌውንና የጭራ አጥንቱን በየቀኑ ይመልከቱ፤ የቀላ ወይም የጠቆረ ቦታ ካዩ ጫናውን ከዚያ ላይ ያንሱ። ሕመም ስለማይሰማው ትኩስ ነገር አያስጠጉበት። የሽንት ቱቦ ካለው እጅዎን ሳይታጠቡ አይንኩ። ድንገት ራሱን ክፉኛ ካመመው፣ ፊቱም ቀልቶ ካላበው ደም ግፊቱ በአደገኛ ሁኔታ ጨምሮ ሊሆን ይችላል። ቀና አድርገው ያስቀምጡት፣ የሽንት ቱቦው አለመታጠፉን ይዩ፣ ፈጥነውም ወደ ሐኪም ይውሰዱት።

ከሁሉም በፊት ግን የመቀመጫ ቀበቶዎን ይሰሩ፤ በጭጋግና በጨለማ ፍጥነት ይቀንሱ። በሠፈርዎ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ያለ ሰው ካለም ደጃፍዎ ላይ ያለው ደረጃ ምን ያህል እንደሚከለክለው ይዩ። አበበ እግሩ ከከዳው በኋላም ተወዳድሮ አሸንፏል፤ ለዚህ የበቃው ግን ያነሱት፣ ያገላበጡትና ወደ ሜዳ ያወጡት ሰዎች ስለነበሩት ነው።