የተረሱትን ጠርሙሶች የከፈተው ኦቶ ዋላክ

በዚህ እትም የአንድ የኬሚስትሪ ሊቅ የሕይወት ታሪክ ይዘንላችሁ ቀርበናል። ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት ግን አንድ ነገር አስታውሱ። ማታ ኩራዝ በርቶ ሳለ ብርቱካን የላጠ ሰው ልጣጩን ወደ ነበልባሉ አዙሮ ቢጨምቀው ጢስ ጢስ እያለ ብልጭ ብልጭ ይላል። ብዙዎቻችሁ ይህን አይታችሁ ስቃችኋል። ያ የሚነደው ነገር ውሃ አይደለም፣ ዘይት ነው። ብርቱካንን ብርቱካን ብርቱካን እንዲሸት የሚያደርገውም እርሱው ነው። ስሙ ሊሞኒን ይባላል። ባሕርዩን ከሌሎች መሰሎቹ አጥርቶ የለየው ሰው ጀርመናዊው ኦቶ ዋላክ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ኦቶ ዋላክ የተወለደው መጋቢት 27 ቀን 1847 ኮኒግስበርግ በምትባል የፕሩሲያ ከተማ ነው። ይህች ከተማ ዛሬ በሩሲያ ግዛት ውስጥ ስትሆን ካሊኒንግራድ ትባላለች። አባቱ የመንግሥት ሠራተኛ ነበሩ። የአባቱ ወገን ከአይሁድ ዘር የመጣና ወደ ሉተራን ሃይማኖት የገባ ቤተሰብ ነው። አባቱ በሥራ ምክንያት ከቦታ ቦታ ይዛወሩ ስለነበር ልጁም አብሮ ተዘዋውሮ በመጨረሻ ፖትስዳም በምትባል ከተማ ትምህርቱን ተከታተለ። በትምህርት ቤት ሳለ የሚወደው ሥነ ጽሑፍንና የሥነ ጥበብን ታሪክ ነበር። ኬሚስትሪን የለመደው በቤቱ ውስጥ በራሱ ጊዜ ትንንሽ ሙከራዎችን እየሠራ ነው።

በ1867 ወደ ጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ ገባ። እዚያ የኬሚስትሪው ቤተ ሙከራ ኃላፊ ስመ ጥሩው ፍሪድሪክ ቮለር ነበር። ቮለር በ1828 ዩሪያ የሚባለውን ንጥረ ነገር ከእንስሳ አካል ሳይሆን በቤተ ሙከራ ውስጥ ሠርቶ ያሳየ ሊቅ ነው። ይሁን እንጂ በዚያ ቤተ ሙከራ የመብራቱ ጋዝ በ11 ሰዓት ከቀትር በኋላ ይዘጋ ነበር። ዋላክ ግን ሥራውን አላቆመም፤ ሻማ እያበራ ይቀጥል ነበር። በዚህ ዓይነት ትጋት በ1869 ገና በ22 ዓመቱ የዶክተርነት ማዕረግ አገኘ።

ነገር ግን ከዚያ በኋላ መንገዱ ሁሉ የተቃና አልነበረም። በ1870 ቦን ወደምትባል ከተማ ሄዶ የቤንዚንን ቀለበታዊ ቅርጽ ባስተማረው በኦገስት ኬኩሌ ዘንድ ሥራ ጀመረ። ወዲያው በፕሩሲያና በፈረንሳይ መካከል ጦርነት ተነሣና ለውትድርና ተጠራ። ከጦርነቱ በኋላ በርሊን ውስጥ በአንድ የኬሚካል ፋብሪካ ተቀጠረ፤ ጤናው ደካማ ስለነበረ የፋብሪካውን ትነት ሊቋቋም አልቻለም። ስለዚህ በ1872 ወደ ቦን ተመልሶ 17 ዓመታት ቆየ። በ1879 ደግሞ የመድኃኒት ቅመማ ትምህርት እንዲያስተምር ተመደበ። ይህ እርሱ የተማረበት ዋና ሙያ አልነበረም። ለማስተማር ሲል ራሱ መማር ግድ ሆነበት። የሕይወቱን ትልቅ ሥራ ያገኘውም በዚሁ ባልመረጠው ምድብ ነው።

በኬኩሌ ቤተ ሙከራ ውስጥ አንድ ቁም ሣጥን ነበር። በውስጡ ለመድኃኒት ተብለው የመጡ ጥሩ መዓዛ ያላቸው የዕፅዋት ዘይቶች በየጠርሙሱ ተቀምጠው ማንም ሳይነካቸው ለዓመታት ቆይተዋል። ዋላክ እነዚህን ለመመርመር ፈቃድ ጠየቀ። ኬኩሌ ፈቀደለት፤ ከእነርሱ አንዳች ነገር ይወጣል ብሎ ግን አላመነም ነበርና የፈቀደው በመጠኑ እያሾፈ ነው።

ለመሆኑ እነዚህ ዘይቶች ምንድን ናቸው? አንድ ጠብታ የኑግ ዘይት ወረቀት ላይ ብታደርጉ ቅባቱ አይለቅም። የብርቱካን ልጣጭ ዘይት ወይም የባሕር ዛፍ ዘይት ብታደርጉ ግን ሽታውን እየሰጠ ተኖ ይጠፋል። ስለዚህ ተናኝ ዘይት እንላቸዋለን። የሚወጡትም አረቄ በሚወጣበት ዓይነት ነው። ቅጠሉ ወይም ልጣጩ ከውሃ ጋር ይፈላል፤ እንፋሎቱ ዘይቱን ይዞ በቱቦ ያልፋል፤ ሲቀዘቅዝ ዘይቱ ከውሃው በላይ ይንሳፈፋል። እናቶቻችን አረቄ ሲያወጡ ያየ ልጅ የዚህን ትምህርት ግማሹን ያውቀዋል።

የዋላክ ችግር ዘይቱን ማውጣት ሳይሆን ውስጡ ያለውን መለየት ነበር። አንድ ዘይት አንድ ነገር አይደለም፤ የብዙ ንጥረ ነገሮች ድብልቅ ነው። በዚያ ዘመን የነበሩ ኬሚስቶች ከእያንዳንዱ ተክል ላወጡት ፈሳሽ በየፊናቸው ስም ይሰጡ ስለነበር ስሙ በዝቶ ማንም ሊከተለው የማይችል ሆኖ ነበር። ከብዙዎቹም ውስጥ የሚገኘው ያው 10 የካርቦንና 16 የሃይድሮጅን አቶሞች ያሉት ውህድ ነው። እነዚህ ውህዶች ተርፒን ይባላሉ። ቁጥራቸው አንድ ሆኖ ሳለ ሽታቸውና ጠባያቸው ስለምን ይለያያል? ስንት ዓይነትስ ናቸው?

ዋላክ በመጀመሪያ ዘይቶቹን ደጋግሞ በማንጠር ለየ። ፓይኒን የተባለው የጥድ ዘይት ንጥረ ነገር በ156 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይፈላል፤ ሊሞኒን በ176 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። እነዚህን በማንጠር መለየት ይቻላል። በባሕር ዛፍ ዘይት ውስጥ በብዛት የሚገኘው ሲኒዮል ግን እርሱም እንደ ሊሞኒን በ176 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ታዲያ እንዴት ይለያሉ? የዋላክ ብልሃት ፈሳሹን ወደ ጠጣር መለወጥ ነበር። ብሮሚን ወይም ሃይድሮጅን ክሎራይድ በፈሳሹ ላይ ሲጨምር እንደ ጨው ድቡልቡል የሆነ ጠጣር ያገኛል። ያ ጠጣር ንጹሕ ከሆነ የሚቀልጥበት ሙቀት የታወቀ ነው። ለምሳሌ ከሊሞኒንና ከብሮሚን የሚገኘው ጠጣር በ104 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል። ይህ እንደ ጣት አሻራ ነው። ከሎሚም ይምጣ ከብርቱካን ወይም ከሌላ ተክል፣ አሻራው አንድ ከሆነ ነገሩ አንድ ነው።

የመጀመሪያው ጽሑፉ በ1884 ታተመ። ከዚያ በኋላ በመቶ የሚቆጠሩ ጽሑፎች ተከታተሉ። በብዙ ስም ይጠሩ የነበሩት ፈሳሾች ወደ ጥቂት እውነተኛ ዓይነቶች ተጠቃለሉ። ዳይፔንቲን የተባለው ለብቻው የቆመ ነገር ሳይሆን ቀኝና ግራ እጅ እንደሚመሳሰሉ የሚመሳሰሉ የሁለት ሊሞኒኖች ድብልቅ መሆኑን አሳየ። በ1887 ደግሞ እነዚህ ሁሉ ውህዶች 5 ካርቦንና 8 ሃይድሮጅን ካለው አይሶፕሪን ከሚባል አነስተኛ ክፍል የተገጣጠሙ ሳይሆኑ እንዳልቀሩ ሐሳብ አቀረበ። ሁለት ጊዜ 5 አሥር፣ ሁለት ጊዜ 8 አሥራ ስድስት። ሒሳቡን ራሳችሁ አረጋግጡ።

በ1889 ጎቲንገን ጠርታው በወጣትነቱ በሻማ በሠራበት ዩኒቨርሲቲ፣ ቀድሞ ቮለር በነበረበት ወንበር ተቀመጠ። በ1909 የሥራውን ውጤት በአንድ ትልቅ መጽሐፍ ሰበሰበ፤ በ1910 የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ከደቀ መዛሙርቱ አንዱ እንግሊዛዊው ዋልተር ሃዎርዝ ሲሆን እርሱም በ1937 በቫይታሚን ሲና በስኳሮች ላይ ባደረገው ምርምር ኖቤል ተሸልሟል። ዋላክ ትዳር አልያዘም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከረዳቶቹ ስድስቱ ሞቱበት። በ1915 ጡረታ ወጣ፤ የካቲት 26 ቀን 1931 በ83 ዓመቱ ጎቲንገን ውስጥ አረፈ።

ከሞተ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1933፣ ናዚዎች ሥልጣን ያዙና በዚያችው ከተማ ከአይሁድ ዘር የሆኑ መምህራን ከሥራ ተባረሩ። የፊዚክስ ሊቁ ማክስ ቦርን ከተባረሩት አንዱ ነው። ወደ ብሪታንያ ተሰዶ ማስተማሩን ቀጠለ፤ በ1954ም ኖቤል ተሸለመ። ይህን የማነሣው ለእኛ እንግዳ ታሪክ ስላልሆነ ነው። ሰው አገሩንና ቤተ መጻሕፍቱን ጥሎ ሲወጣ የተማረው ግን አብሮት ይወጣል።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። ከአገር ቤት የመጣው ጦስኝ በውስጡ ታይሞልና ካርቫክሮል አለው። በኮረሪማ ውስጥ ሲኒዮል አለ። ጠጅ ሣር ሎሚ ሎሚ የሚሸተው ሲትራል ስላለው ነው። ተክሎቹ እነዚህን የሚሠሩት ለእኛ ብለው አይደለም፤ ብዙዎቹ ከነፍሳት፣ ከሻጋታና ከተሕዋስያን መከላከያቸው ናቸው። ታይሞል ባክቴሪያን እንደሚገድል በቤተ ሙከራ ተረጋግጧል።

ወላጆች ሆይ፣ ከዚህ ላይ አንድ ነገር በጥሞና አንብቡልን። በቤተ ሙከራ ሳሕን ላይ ተሕዋስያንን የገደለ ሁሉ በሰው አካል ውስጥ በሽታን ያድናል ማለት አይደለም። ጦስኝ በሻይ መጠጣት አንድ ነገር ነው፤ የተነጠረ ዘይት መጠጣት ሌላ ነው። በጠርሙስ የሚሸጠው የባሕር ዛፍ ዘይት ጥቂቱ እንኳ ሕፃን ቢውጠው ራሱን ሊያስተው፣ ሊያንቀጠቅጠውም ይችላል። ስለዚህ ጠርሙሱን ልጅ ከማይደርስበት ቦታ አስቀምጡ፤ ለጉንፋን ብላችሁ ለሕፃን በአፉም በአፍንጫውም አታድርጉ።

ስለ ወባም እንዲሁ ነው። ቻይናዊቷ ቱ ዩዩ በ2015 ኖቤል የተሸለመችበት የወባ መድኃኒት አርቴሚሲኒን የወጣው ከአንድ መዓዛማ ቅጠል ነው። 15 ካርቦን አለው፤ ይኸውም ሦስት ጊዜ 5 ነው፤ ከዋላክ ተርፒኖች ጋር ዘመድ ነው። ይሁን እንጂ ቅጠሉን አፍልቶ መጠጣት ክኒኑን አይተካም፤ በአንድ ስኒ ውስጥ ምን ያህል መድኃኒት እንዳለ ማንም አያውቅምና። ልጁ ሲያተኩሰው ቅጠል እየፈላ ቀን አይለፍ። ያን ዕለት ወደ ክሊኒክ ይሂድ፤ ክኒኑንም እስከ መጨረሻው ይውሰድ።

ተማሪዎች ሆይ፣ ቤተ ሙከራ የለንምና ኬሚስትሪ አይሆንልንም ስትሉ እሰማለሁ። እውነት ነው፣ ዋላክ ቤተ ሙከራና መምህራን ነበሩት፤ እኛ የሉንም። የእኛ ችግር ከእርሱ ይከብዳል ብል አልተሳሳትኩም። ነገር ግን ያ ቁም ሣጥን በአጠገቡ ያለፉ ሰዎች ሁሉ ቤተ ሙከራ ነበራቸው፤ ጠርሙሱን አንሥቶ የጠየቀው አንዱ ነው።

ስለዚህ የዚህ ወር የቤት ሥራችሁ ይህ ነው። በቤታችሁ ወይም በጎረቤት ያለውን መዓዛ ያለው ተክል ወይም ቅመም አንድ አንድ ይዛችሁ ኑ። እናታችሁን፣ አባታችሁን ወይም አያታችሁን ስሙን ጠይቁና በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በምታውቁት ቋንቋ ሁሉ ጻፉ። ለምን እንደሚጠቀሙበትም ጠይቁ። አንድ ተክል በስንት ስም እንደሚጠራ፣ በአንድ ስምም ስንት ተክል እንደሚጠራ በሰሌዳው ላይ ጽፈን አብረን እንለያለን።